ምጥን የሚያስተምረው ማን ነው? «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ርዕሱ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይላል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዷ የባለቤቴ እህት ናት። የሰባት ወር እርጉዝ ነች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ከሥሩ «እሺ፣ አሁንስ ምን ትያለሽ?» ብላ ጽፋበታለች። ይህ ለእሷም ለጸሐፊውም የምሰጠው መልስ ነው።

እኔ ሚድዋይፍ ነኝ። ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ሁለት ልጆችም ወልጃለሁ። የማዋለጃ ክፍሉን ቆሜም ተኝቼም አይቼዋለሁ ማለት ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ጸሐፊው የተነሡት ሂፕኖበርቲንግ የሚባለውን የወሊድ ዝግጅት ለመቃወም ነው። ነፍሰ ጡሯ ምጥ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ጀምራ አተነፋፈስን፣ ሰውነትን ማላላትን፣ ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍን የምትለማመድበት ዘዴ ነው። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። ሂፕኖሲስ ሰውን አፍዝዞ ራሱን ማሳት ነው፤ ከመተት አይለይም። የምጥ ሕመም የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው፤ «በጭንቅ ትወልጃለሽ» ተብሏል። የጎጃም እናት አጨዳ ላይ ወልዳ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ የምትገባ ጀግና ናት፤ አስተማሪ አያስፈልጋትም። ፈረንጆቹ ራሳቸው አጥንተው እንደማይሠራ አረጋግጠዋል። ነገሩ ሴቶችን ከሐኪም ቤት ያርቃል። በመጨረሻም ሻማና ሙዚቃ የሀብታም ቅንጦት ነው፤ ውሃ ለሌለው ጤና ጣቢያ ምኑ ነው?

ከእነዚህ አንዳንዶቹ ውስጥ እውነት አለ። አንዱን ስጋት እንዲያውም እኔም ከልቤ እጋራዋለሁ። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ልክ አይደለም። ያን ጽሑፍ አምና ያልተዘጋጀች ሴት ነገ እኔ አልጋ ላይ ናት የምትመጣው። ዝም ያላልኩት ለዚህ ነው።

ከመተቱ ልጀምር። ስሙ ጸሐፊውን ቢያስደነግጣቸው አልፈርድም። ሂፕኖስ በግሪክኛ እንቅልፍ ማለት ነው። ስሙን በ1840ዎቹ ያስለመደው ጄምስ ብሬይድ የሚባል የስኮትላንድ ቀዶ ሐኪም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ይኸው ሰው ግን ብዙም ሳይቆይ ባወጣው ስም ተጸጸተ። ሰዎቹ እንደማይተኙ ገባው። «በአንድ ሐሳብ ላይ ማተኮር» የሚል ትርጉም ባለው ሌላ ቃል ሊተካው ሞከረ፤ አልሆነለትም። የመጀመሪያው ስም ሕዝብ አፍ ገብቶ ነበር። ዛሬ ጸሐፊውን ያስበረገጋቸው ያ ያልሰመረ ስም ነው።

ነገሩን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት የቆመ ሰው እግሩ የሚታወቀው ሲቀመጥ ነው። ሕመሙ ጠፍቶ አይደለም። ልቡ ሌላ ቦታ ስለነበረ ነው።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጤና ጣቢያችን የእናቶች ማቆያ አለው። ቤታቸው ሩቅ የሆነ ሴቶች መውለጃቸው ሲቃረብ መጥተው እዚያ ይሰነብታሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት መጣች። ሁለተኛ እርግዝናዋ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ከረጅም ምጥ በኋላ ሞቶ ነው የተወለደው። ስለ ምጥ ሲነሣ እጇ ይንቀጠቀጣል። «ምን ስትሠሪ ነው ልብሽ የሚያርፈው?» አልኳት። «ስፈትል» አለችኝ። እንዝርቷንና ባዘቶዋን ይዛ መጥታለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሹራ ትለቀዋለች። ባዘቶውን የያዘው እጇ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ክሩ ይረዝማል። ያን ጊዜ ሳይታወቃት ትንፋሿን ቀስ አድርጋ ታወጣለች። ክሩን ስትጠቀልል ደግሞ አየር ታስገባለች። ቆጠርኩት፤ ስታስገባ አራት፣ ስታወጣ ሰባት። ይኸው ነው። ሂፕኖበርቲንግ የሚያስተምረው አተነፋፈስ መውጫው ከመግቢያው የሚረዝም ነው። «በይ እንዝርቱን አስቀምጪውና በባዶ እጅሽ ፍተዪ» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ፈተለች። ትከሻዋ ወረደ። ተነክሶ የነበረው መንጋጋዋ ላላ። «ብትቸኩዪ ምን ይሆናል?» አልኳት። «ይበጠሳላ!» አለች።

እስክትወልድ ድረስ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ተለማመደችው። ምጡ የመጣ ሌሊት እጇ አየር ላይ ክር ይስብ ነበር። ሲፋፋም ጆሮዋ ሥር «እንዳይበጠስ» እላታለሁ። ትስባለች። መጨረሻው ላይ ጮኻለች፤ መጮህ ነውር አይደለም። ግን በሁለት ምጥ መካከል ታርፍ ነበር። ውሃ ትጠይቃለች። «የልጄ ልብ ደህና ነው?» ትላለች። ራሷን የሳተች ሴት እንዲህ አትጠይቅም። ይህ መተት ከሆነ ፈትልም መተት ነው።

ጸሐፊው ያላነሡትን አንድ ነገር እኔ ላንሣላቸው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባት ሴት እንዲህ ያለውን ልምምድ ያለ ሐኪም ምክር መጀመር የለባትም። ይህን ሳይናገር የሚያስተምር ሰው ካለ ጥፋት ነው።

ወደ ጥቅሱ ልለፍ። ሰባኪ አይደለሁምና አጭር አደርገዋለሁ። ዘፍጥረት 3፥16 «በጭንቅ ትወልጃለሽ» ይላል፤ እውነት ነው። ሦስት ቁጥር ዝቅ ሲሉ አዳምም በፊቱ ወዝ እንጀራውን እንደሚበላ ተነግሮታል። በሞፈር ፋንታ ትራክተር የተከራየ ገበሬ ትእዛዝ ጣሰ ያለ ቄስ ግን አልገጠመኝም። የራሳችንን ቤትም እንይ። ቅዱስ ሩፋኤልን «ፈታሔ ማሕፀን» የምንለው ለምንድን ነው? ጳጉሜን 3 ቀን እርጉዞች ዝናቡን የሚጠመቁት፣ ምጥ ሲጠና ጠበል የሚመጣው ለምንድን ነው? «በሽልም ያውጣሽ» ስንል ምጡ ይበርታብሽ ማለታችን ነው? እናቶቻችን የምጥን መቅለል በእንባ ሲለምኑ የኖሩ ናቸው። ቤተ ክርስቲያንም አልከለከለቻቸውም።

ክርክሩ ለዓለምም አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ሲምሰን በ1847 ለምጥ ማደንዘዣ መስጠት ሲጀምር ይኸው ጥቅስ ይነሣል ብሎ የመልስ ጽሑፍ አሳትሟል። በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ስትወልድ ክሎሮፎርም የሚባለውን ማደንዘዣ ወሰደች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለመደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እቀበላለሁ። «ያለ ምንም ሕመም ትወልጃለሽ» እያሉ የሚያስተዋውቁ አሉ። ጸሐፊው በእነዚህ ቢቆጡ አብሬያቸው እቆጣለሁ። እኔ ለሁለተኛ ልጄ ተዘጋጅቼ ነው የወለድኩት። ምጡ 11 ሰዓት ወስዷል፤ በደንብ አሞኛል። ያልነበረው ፍርሃቱ ነው። ሕመም ያለ ፍርሃት ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ማጭዷ እናት። ብዙ ሰው ጽሑፉን የወደደው በዚህች እናት ምክንያት ይመስለኛል። እኔም እወዳታለሁ። አያቴ ናታ! ቢቸና አካባቢ ነው የኖረችው። ስምንት ወልዳ አምስት አሳድጋለች። አንዱን አጎቴን በእርግጥ አረም ላይ ነው የወለደችው። ልጁን በነጠላዋ ጠቅልላ ገባች ይባላል። ይህ ታሪክ ቤታችን ውስጥ በየበዓሉ ይነገራል።

የማይነገረው ሌላው ነው። አያቴ ታናሽ እህት ነበረቻት። ሦስት ቀን አምጣ፣ ልጁም እሷም አልተረፉም። ይህን የነገረችኝ ሚድዋይፍ ከሆንኩ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ደግማም አላነሣችው። የማጭዱን ታሪክ የሚነግሩን የተረፉት ናቸው። በ2000 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። ያኔ ጤና ተቋም የምትወልደው ከ100 እናቶች 5ቱ ብቻ ነበረች። በ2016 የሞቱ ቁጥር ወደ 412 ወረደ። «እርጉዝ አንድ እግሯ መቃብር ነው» የሚለው አባባልም ከማጭዷ እናት መንደር የመጣ ነው። ሁለቱን አብረን ነው ማንሣት ያለብን።

ደግሞስ ያቺ እናት አልተማረችም ያለው ማን ነው? እኔ ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን ምጥ ሲይዛት እኛን ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጡን። ሴቶቹ ገቡ። ቡና ተቆላ። በር ላይ ሆኜ አሾልቄ አይቻለሁ። ሴትዮዋ ተንበርክካለች። አንዷ ከኋላዋ ሆና ብብቷን ይዛታለች። አንዷ ወገቧን በቅቤ ታሻለች። ሌሎቹ «ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። አይጮኹም። ሁሉም በአንድ ልክ፣ እንደ ንብ ድምፅ ነው። ምጡ ሲመጣ ከፍ ይላል፣ ሲያልፍ ዝቅ ይላል። እሷም አብራቸው ትላለች።

አንድ ቃል፣ በአንድ ምት፣ በምታምነው ሰው ድምፅ፣ ደጋግሞ። ዛሬ ሂፕኖበርቲንግ የሚያስተምሩ ሰዎች በጆሮ ማዳመጫ የሚሰጡት ይህንኑ ነው። ልምምዱም ነበር። ያቺ ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ ጎረቤት ስትወልድ ሰምታለች። ከፍ ስትል ገብታ ወገብ ደግፋለች። የራሷ ምጥ ሲመጣ እንግዳ አልሆነባትም።

የዛሬዋን ልጅ እንይ። ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው ምጥ የራሷን ነው። እስከዚያ የሰማችው «እኔማ ልሞት ነበር» የሚል ወሬ ብቻ ነው። ጓደኛ ልትጠይቃት መጥታ ቡና እየጠጣች የምትነግራት ይህንን ነው። ይህን ሁሉ ፍርሃት ተሸክማ ነው አልጋዬ ላይ የምትወጣው።

ጸሐፊው ርዕስ ያደረጉት ተረት ራሱ ይመልስላቸዋል። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚያስቀው ነገሩ ስለተገለበጠ ነው። አስተማሪዋ እናት፣ ተማሪዋ ልጅ መሆን ነበረባቸው። ተረቱ ምጥ ትምህርት የለውም አይልም። ትምህርት አለው፤ ሴት ከሴት ትማረዋለች ይላል። እኛ ያን ትምህርት ነው ያቋረጥነው።

«እኛ» ስል የጤና ባለሙያዎችን ማለቴ ነው። ይህን የምናገረው እያፈርኩ ነው። ሴትዮዋን ከቤቷ አወጣን። ነፍስ ለማዳን ነው፣ ትክክልም ነበር። ግን አማቷንና እናቷን «ውጭ ጠብቁ» አልናቸው። ተንበርክካ የነበረችውን በጀርባዋ አስተኛናት። «ማርያም ማርያም» የሚለው ድምፅ ቆመና «ዝም በይ!» የሚለው ተተካ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እኔም ደርሶብኛል። የት እንደሆነ አልናገርም። ለብቻዬ ነበርኩ። ስጮህ አንዷ ጭኔን መታችኝ፤ ልጽፈው የማልፈልገውን ቃልም ተናገረችኝ። ጥርሴን ነከስኩ፣ ጉልበቴን ገጠምኩ። ደህና ይሄድ የነበረው ምጥ ቀዘቀዘ። ለሰዓታት ቆመ።

ለምን ቆመ? የገጠር ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ላም ልትወልድ ስትል ከመንጋው ትለያለች። እንግዳ ሰው ወይም ውሻ ከቀረባት ትነሣለች፤ ምጧ ይዘገያል። ማህፀን እንዲኮማተር የሚያደርገው ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ነው። ሰውነት ሲረጋጋ በደንብ ይመነጫል። ስንደነግጥ የሚመጣው አድሬናሊን ግን ሰውነትን ለመሸሽ ነው የሚያዘጋጀው። ደም ወደ እግርና እጅ ይሄዳል፤ ማህፀን ይቀርበታል። እንግሊዛዊው የማህፀን ሐኪም ግራንትሊ ዲክ-ሪድ በ1933 የጻፈው ይህንኑ ነው። ፍርሃት ጡንቻን ያስራል፣ የታሰረ ጡንቻ ያማል፣ ሕመሙ እንደገና ፍርሃት ይወልዳል አለ። አሜሪካዊቷ ማሪ ሞንጋን በ1989 ሂፕኖበርቲንግ ብላ ትምህርት ያደረገችውም ከዚህ ተነሥታ ነው።

ኖርዌይ ውስጥ 2,206 ሴቶችን የተከታተለ፣ በ2012 የታተመ ጥናት አለ። ምጥን አጥብቀው የሚፈሩት ሴቶች በአማካይ 8 ሰዓት ሲያምጡ፣ የማይፈሩት 6 ሰዓት ተኩል ነው የወሰደባቸው። ሌሎች ምክንያቶች ሲቀነሱ ልዩነቱ ወደ 47 ደቂቃ ይወርዳል። ያም ቢሆን ምጥ ላይ ላለች ሴት 47 ደቂቃ ስንት እንደሆነ የወለደ ያውቀዋል።

ጥናት ካነሣን ወደ አራተኛው እንሂድ። ጸሐፊው የጠቀሱት የእንግሊዝ ጥናት እውነተኛ ነው፤ አላጋነኑትም። 680 ሴቶች ተሳትፈውበት በ2015 ታትሟል። የጠየቀው ዋና ጥያቄ ግን አንድ ነው። ራስን የማረጋጋት ልምምድ ያደረጉ ሴቶች ኤፒዱራል፣ ማለትም ወገብ ላይ የሚወጋውን ማደንዘዣ፣ ከሌሎቹ ያነሰ ይጠይቃሉ ወይ? መልሱ «አይደለም» ሆነ። ከተለማመዱት 27.9 በመቶ፣ ካልተለማመዱት 30.3 በመቶ ወስደዋል። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። እኔም እቀበላለሁ።

ግን እስቲ ለጎጃም እናት እናምጣው። ጤና ጣቢያችን ውስጥ ኤፒዱራል የለም። ስለዚህ «ኤፒዱራል አልቀነሰም» የሚለው ግኝት ለእሷ ምኗም አይደለም። ለእሷ የሚጠቅማትን ያው ጥናት በሌላ ገጹ ይዞታል። የተለማመዱት ሴቶች ከወለዱ በኋላ ሲጠየቁ፣ ፍርሃታቸውና ጭንቀታቸው አስቀድመው ከጠበቁት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል። ጸሐፊው ይህን ዘለሉት። ዴንማርክ ውስጥ 1,222 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናትም እንዲሁ ነው። ማደንዘዣውን አልቀነሰም፤ የተለማመዱት ሴቶች ስለ ወሊዳቸው ሲጠየቁ ግን ከሌሎቹ ይልቅ መልካም ትውስታ ነበራቸው።

ኮክሬን የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። ጥናቶቹን አንድ ላይ ያየው የ2016ቱ የኮክሬን ግምገማ ደግሞ ዘጠኝ ጥናቶችን፣ 2,954 ሴቶችን ይዟል። በጥቅሉ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት የወሰዱት ቀንሰዋል። በኤፒዱራል ግን ልዩነት አልታየም። ያለ መሣሪያና ያለ ቀዶ ሕክምና በመውለድም፣ በእርካታም ግልጽ ልዩነት አላገኘም። ያለውን ሁሉ አስቀምጫለሁ፤ የማይመቸኝንም ጭምር። ከዚህ «ተአምር ነው» ማለት አይቻልም። «ምንም አይፈይድም» ማለትም አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የወሊድ መመሪያ፣ ጤነኛ ሴት ሕመሟን ማስታገስ ስትፈልግ ከሚመከሩት ውስጥ አተነፋፈስን፣ ጡንቻ ማላላትንና ሙዚቃን አስገብቷል። ራሷ የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲሆንም ይመክራል።

አጠገቧ ሰው ስለመኖሩማ ማስረጃው ጠንካራ ነው። በ2017 የታተመ ሌላ የኮክሬን ግምገማ 26 ጥናቶችን፣ ከ15,000 በላይ ሴቶችን አይቷል። ከጎኗ የማይለያት ደጋፊ ያላት ሴት ምጧ ያጥራል፤ በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሏም ይቀንሳል። አያቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር።

አምስተኛውን ስጋት ነው ከልቤ የምጋራው ያልኩት። «ሰውነትሽ ያውቃል፤ ሐኪም አያስፈልግሽም» የሚል ትምህርት በአንዳንድ አገር አለ። ያ ትምህርት እዚህ ከገባ ከጸሐፊው ቀድሜ እኔ ነኝ የምቃወመው። ደም ሲፈስ ትንፋሽ አያቆመውም። የደም ግፊት አንዘፍዝፎ ሲጥላት በልቧ የምትስለው የአደይ አበባ ምስል አያነሣትም። ልጁ ሲታፈን «ተረጋጊ» ማለት ወንጀል ነው። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ደም፣ ትኩሳት፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ምጥ ሳይመጣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፦ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ልምምዱ እዚያው ቁጭ፣ ጉዞ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ጸሐፊው የተሳሳቱት ሴቶችን ከእኛ የሚያርቀው ምን እንደሆነ ላይ ነው። በ2019 በተደረገው ጥናት በአገራችን ጤና ተቋም የሚወልዱት 48 በመቶ ደርሰዋል። ትልቅ ለውጥ ነው። ግማሽ ያህሉ ግን ያኔም ቤት ነበር የሚወልዱት። መንገድ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ርቀት አለ። ከዚያ ሌላ ግን «እዚያ ሄጄ ከምዋረድ» የሚል አለ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለሦስተኛ ልጇ ያልመጣች አንዲት እናት «በፊት ስመጣ ራቁቴን አስተኝታችሁ ጥላችሁኝ ሄዳችሁ» አለችኝ። ሂፕኖበርቲንግ የሚባል ቃል ሰምታ አታውቅም። ያራቅናት እኛው ነን።

በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ቡናውና ገንፎው ወደ ግቢ የገባው ለምን ነበር? ቤት የሚያስቀራቸው ያ ከሆነ እኛ ዘንድ ይምጣ ተብሎ ነው። ማረጋጋቱም እንዲሁ መግባት አለበት። የማስተምራቸው ሴቶች አተነፋፈሱን የሚማሩት ከአደጋ ምልክቶቹ ጋር በአንድ ቀን ነው። አምቡላንስ ማን ይደውላል፣ ገንዘቡ የት ተቀምጧል፣ ከብቱን ማን ያያል፣ ደም ካስፈለገ ማን ይሰጣል፤ ይህም የዝግጅቱ አካል ነው። የማትፈራ ሴት ቶሎ ነው የምትመጣው። የምትፈራዋ ናት «ትንሽ ልይ፣ ትንሽ ልይ» እያለች የምትዘገየው።

ቀዶ ሕክምና ቢመጣስ ዝግጅቱ ከንቱ ይሆናል የሚሉ አሉ። የሥራ ባልደረባዬ ለወራት ተለማምዳ ነበር። ምጥ ላይ እያለች የልጇ የልብ ምት ወረደ። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ተላከች፣ ኦፕራሲዮን ሆነች። ወገቧ ላይ መርፌው ሲገባ ጀርባዋን አጉብጣ ሳትንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረባት። አራት አስገብታ፣ ሰባት እያወጣች ተቀመጠች። ልጇ አሁን ይሮጣል።

ቅንጦት ነው ስለሚለው ብዙ አልልም። ውሃ የሚጠፋባቸው ቀኖች አሉ፤ እውነት ነው። ሌሊት አንድ ሚድዋይፍ ሦስት የምታምጥ ሴት ይዛ ታድራለች፤ ይህም እውነት ነው። ውሃውም ባለሙያውም ይሟላ ብሎ መጮህ ተገቢ ነው፤ እኔም እጮሃለሁ። ሻማ ግን አብርተን አናውቅም። ያስፈለገን አንድ መጋረጃ፣ በወር አንድ ጊዜ በሚደረገው የነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ላይ ሃያ ደቂቃ፣ ደግሞም አማትን ወይም እናትን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። መጀመሪያ ያስገባኋት አማት እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ከምራቷ ራስጌ ቁጭ ብላ፣ «ልጄ፣ አሁን ምን ልበል?» አለችኝ። «ቤት ቢሆን ምን ይሉ ነበር?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «ማርያም፣ ማርያም» ጀመረች።

አሁን ወደ አንቺ፣ የባለቤቴ እህት። ቅዳሜ ነይ። እናትሽን ይዘሻት ነይ፤ ማዋለጃ ክፍል አብራሽ የምትገባው እሷ ስለሆነች አብራሽ ትለማመድ። እስከዚያ ማታ ማታ ከመተኛትሽ በፊት በጎንሽ ተኝተሽ፣ አራት እየቆጠርሽ አስገቢ፣ ሰባት እየቆጠርሽ አውጪ። አሥር ጊዜ ይበቃል። እናትሽን ደግሞ አንቺን ስትወልድ ማን አጠገቧ እንደነበረ፣ ምን ይሏት እንደነበረ ጠይቂያት። እስክትጨርስ አታቋርጫት። የአምቡላንሱን ስልክ ቁጥርም ዛሬውኑ በሩ ጀርባ ለጥፊው።